ሐሳባችሁን በዩኔስኮ ብሔራዊ ኮሚሽን በኩል ለማሳለፍ፦ ከመጀመሪያው ኢሜይል እስከ መጨረሻው ደረሰኝ

ዩኔስኮ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ፓሪስ ነው። ስለዚህ አንድ ደህና የትምህርት፣ የሳይንስ ወይም የባህል ሐሳብ ሲመጣልን እጃችን ቀጥታ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ለመጻፍ ይሮጣል። መንገዱ ግን በዚያ አይደለም። በየአገሩ አንድ ብሔራዊ ኮሚሽን አለ። ማመልከቻውን የሚያየው፣ የሚመርጠው፣ ፈርሞ የሚልከው እሱ ነው።

ይህ መመሪያ ያንን መንገድ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንድ የመምህራን ማኅበር መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች የሳይንስ ቃላትን በምልክት ቋንቋ ማዘጋጀት ይፈልጋል እንበል። «ፎቶሲንተሲስ»ን ወይም «ግፊት»ን በጣት ፊደል እየቆጠሩ ማስተማር አድካሚ ነው። ማኅበሩ ቃላቱን ከመስማት የተሳናቸው ባለሙያዎች ጋር ሊያወጣ፣ በቪዲዮ ሊቀርጽ፣ መምህራንንም ሊያሠለጥን አስቧል። ትምህርትም፣ ሳይንስም፣ ባህልም አለበት። ለዚህ በር የተሠራ ሐሳብ ነው።

1. በሩን ለዩት

የዩኔስኮ መመሥረቻ ሰነድ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1945 በለንደን ሲጸድቅ አንቀጽ 7 አንድ ነገር አስቀመጠ። እያንዳንዱ አባል አገር በትምህርት፣ በሳይንስና በባህል የሚሠሩ ዋና ዋና ተቋሞቹን ከድርጅቱ ሥራ ጋር የሚያገናኝበት መላ ያበጅ፤ ቢቻል ብሔራዊ ኮሚሽን ያቋቁም ይላል። የኮሚሽኖቹን ድርሻና ኃላፊነት ዘርዝሮ የያዘው ቻርተር ደግሞ በ1978 በዩኔስኮ ጠቅላላ ጉባኤ ጸደቀ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዛሬ ወደ 200 የሚጠጉ ኮሚሽኖች አሉ። ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች መካከል እንዲህ ያለ መረብ ያለው ዩኔስኮ ብቻ ነው።

ሰው አዘውትሮ የሚያምታታቸው ሦስት አካላት አሉ። ብሔራዊ ኮሚሽኑ የአገሩ ነው፤ አባላቱና ሠራተኞቹ የዩኔስኮ ቅጥር አይደሉም። የዩኔስኮ የመስክ ቢሮ የሚባለው ደግሞ የድርጅቱ የራሱ ቅርንጫፍ ነው። ቋሚ ልዑክ የሚባለው ፓሪስ የሚቀመጥ የአገሩ የዲፕሎማሲ ቡድን ነው። ሦስቱ ይነጋገራሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ለመስክ ቢሮ የተጻፈ ማመልከቻ ዞሮ ዞሮ ወደ ኮሚሽኑ መመለሱ አይቀርም። ጊዜ ማባከን ነው።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ኮሚሽኑ የገንዘብ ሣጥን አይደለም። ለማከፋፈል የተቀመጠ ትልቅ በጀት የለውም። ያለው የመምረጥና የማስተላለፍ ሥልጣን ነው። «ገንዘብ ስጡኝ» ብሎ የሚገባ ሰው ባዶ እጁን ይወጣል። «ይህን ሐሳብ እንድታስተላልፉልኝ ምን ላሟላ?» ብሎ የገባ ግን ወንበር ይሳብለታል።

2. የአገራችሁን ኮሚሽን ፈልጉ

የኮሚሽኖቹ ዝርዝር በዩኔስኮ ድረ ገጽ ላይ አለ። አደረጃጀታቸው ግን ከአገር አገር ይለያያል። አንዳንዱ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ነው፤ ሌላው በውጭ ጉዳይ ሥር። የጀርመኑ በቦን የተቀመጠ በማኅበርነት የተመዘገበ ድርጅት ነው። ይህ ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። ኮሚሽኑ ሚኒስቴር ውስጥ ከሆነ ደብዳቤያችሁ በመዝገብ ቤት ያልፋል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይመራል። ያቺን ቁጥር ሳትይዙ አትውጡ። በኋላ «ደብዳቤዬ የት ደረሰ?» ስትሉ የምትጠየቁት እሷን ነው።

አብዛኛው ኮሚሽን ሁለት ገጽታ አለው። አንዱ በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚሰበሰበው ጉባኤ ነው፤ ሚኒስትሮች፣ ምሁራንና የባህል ሰዎች ይገኙበታል። ሌላው የዕለት ሥራውን የሚሠራው ጽሕፈት ቤት ነው፤ በዋና ጸሐፊ ይመራል። ሥር ደግሞ የትምህርት፣ የሳይንስ፣ የባህል፣ የኮሙኒኬሽን እየተባሉ የተከፈሉ ባለሙያዎች አሉ። እናንተ የምትፈልጉት ሰው ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱ ነው። ዋና ጸሐፊው ይፈርማል፤ ፋይላችሁን የሚያነብላችሁ ግን ባለሙያው ነው።

3. ለሐሳባችሁ የሚሆነውን ፕሮግራም ምረጡ

ኮሚሽኑ አንድ ይሁን እንጂ ከኋላው ያሉት መንገዶች ብዙ ናቸው። የምልክት ቋንቋውን ፕሮጀክት ለመሰለ አነስ ያለ፣ ጊዜው የተወሰነ ሥራ የሚስማማው የተሳትፎ ፕሮግራም የሚባለው ነው፤ ዩኔስኮ በኮሚሽኖቹ በኩል ለሚቀርቡለት አነስተኛ ፕሮጀክቶች ገንዘብ የሚሰጥበት መንገድ ነው። ከዚህ በታች የማተኩረውም በእሱ ላይ ነው። ሌሎቹን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ የብዙ ሰው ስህተት እዚህ ላይ ነውና።

ዩኒቨርሲቲ ከሆናችሁና በአንድ የምርምር ዘርፍ ከሌሎች አገሮች ተቋማት ጋር ለመተሳሰር ካሰባችሁ፣ በ1992 የተጀመረው የዩኔስኮ ቼር ፕሮግራም አለ። ማመልከቻው የኮሚሽኑ የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋል። ትምህርት ቤት ከሆናችሁ ከ1953 ጀምሮ ያለውን የዩኔስኮ ተባባሪ ትምህርት ቤቶች መረብ ጠይቁ፤ በየአገሩ አስተባባሪ አለው። ከተማ አስተዳደር ለሆነ ደግሞ በ2004 የተቋቋመው የፈጠራ ከተሞች መረብ አለ። ቤተ መዛግብት ወይም ብርቅ የሆነ የጽሑፍ ቅርስ ያለው «የዓለም ትውስታ» የሚባለውን መዝገብ ይመልከት። በባህል ኢንዱስትሪ የሚሠራ ማኅበር ዓለም አቀፉን የባህል ብዝኃነት ፈንድ ይጠይቅ። እዚያም ቢሆን የመጀመሪያው ማጣሪያ የሚካሄደው በአገር ውስጥ ነው።

የዓለም ቅርስ ምዝገባ ግን ከዚህ መዝገብ አውጡት። እሱ የመንግሥት የዓመታት ሥራ ነው፤ ሐውልቱ በሰፈራችሁ ስላለ ብቻ በማኅበር ደብዳቤ የሚጀመር አይደለም።

4. የቀን መቁጠሪያውን ከኋላ ወደፊት ቁጠሩ

የተሳትፎ ፕሮግራም የሚሠራው በሁለት ዓመት ዙር ነው። ዙሩ የሚጀምረው በፈረንጅ አቆጣጠር በሙሉ ቁጥር ዓመት ነው፤ 2024–2025፣ 2026–2027 እያለ ይሄዳል። ጥሪው ለኮሚሽኖቹ በደብዳቤ ይደርሳል። በቅርብ ዙሮች ማመልከቻው ፓሪስ መድረስ የነበረበት ለአፍሪካ፣ ለአነስተኛ ደሴት አገሮችና በዝቅተኛ የልማት ደረጃ ላይ ላሉት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ ለሌሎች እስከ ኦገስት መጨረሻ ነበር። ሁለቱም በዙሩ የመጀመሪያ ዓመት።

እንግዲህ ከዚህ ወደ ኋላ እንቁጠር። ኮሚሽኑ ከሁሉም አመልካቾች ሰብስቦ፣ መርጦ፣ አስተካክሎ፣ አስፈርሞ መላክ አለበት። ስለዚህ የራሱ የውስጥ ቀነ ገደብ ከዋናው ብዙ ሳምንታት ይቀድማል። በፌብሩዋሪ የሚዘጋ ከሆነ፣ ሐሳባችሁ ከዚያ በፊት ያለው ዓመት ሳያልቅ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ቢገኝ ይመረጣል። ጥሪው ሲወጣ ሰምቶ የሚነሳው ሰው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንበታል። እኔ የምመክረው ጎዶሎ ቁጥር በሆነው ዓመት አጋማሽ ላይ መጀመር ነው።

ፍጥነት የሚያስፈልግበት ሌላ ምክንያትም አለ። በቅርብ ዙሮች አንድ አባል አገር ማቅረብ የሚችለው 7 ማመልከቻ ብቻ ነበር። ከዩኒቨርሲቲዎች፣ ከሙዚየሞች፣ ከማኅበራት፣ ከራሱ ከኮሚሽኑም ሐሳብ ይመጣል። ከሁሉም ሰባት። እነሱም ከ1 እስከ 7 ቅደም ተከተል ይሰጣቸዋል። ዝርዝሩ ከተላከ በኋላ ተራውን መለወጥ የሚችለው ራሱ ኮሚሽኑ ነው። እንግዲህ ትልቁ ውድድር ያለው እዚሁ አገር ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ።

5. መጀመሪያ አንድ ገጽ ብቻ

የመጀመሪያ ማመልከቻዬ 14 ገጽ ነበር። ከመግቢያው ላይ የዓለምን የትምህርት ታሪክ ተርኬያለሁ። የተቀበለችኝ ባለሙያ ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ እሺ፣ ግን ምንድን ነው የምትሠሩት?» አለችኝ። አፍሬ ተመለስሁ። 14ቱን ገጽ ወደ አንድ ማውረድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በሕይወቴ ከሠራሁት አርትዖት ሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነበር።

ገጹ ላይ መኖር ያለበት ይህ ነው። ችግሩ በሁለት ዓረፍተ ነገር። ማን እንደሆናችሁና ከዚህ በፊት ምን እንደሠራችሁ። በፕሮጀክቱ መጨረሻ በእጅ የሚዳሰስ ምን ነገር እንደሚኖር። ማን እንደሚጠቀም። ስንት ወር፣ ስንት ብር። ከዩኔስኮ የትኛው ዓላማ ጋር እንደሚገናኝ።

በምሳሌያችን ላይ እንዲህ ይጻፋል፦ «በአገሪቱ ምልክት ቋንቋ ለመሠረታዊ የሳይንስ ቃላት የተስማማ ምልክት የለም። ማኅበራችን መስማት ከተሳናቸው 8 ባለሙያዎችና ከ4 የሳይንስ መምህራን ጋር 300 ቃላት ያወጣል፣ በቪዲዮ ይቀርጻል፣ 40 መምህራንን ያሠለጥናል። ሥራው በ10 ወር ይጠናቀቃል። ቪዲዮዎቹ ለማንም በነጻ ይለቀቃሉ።» አለቀ። ባለሙያዋ ይህን ለአለቃዋ በቃሏ መናገር ትችላለች። የአንድ ገጽ ጥቅሙም ይኸው ነው፤ እናንተ በሌላችሁበት ስብሰባ ላይ ሌላ ሰው ስለ እናንተ ያወራል።

የዩኔስኮን ዓላማ ስታገናኙ አታስመስሉ። ድርጅቱ በግልጽ ያስቀመጣቸው ሁለት ዓለም አቀፍ ቅድሚያዎች አሉት፤ አፍሪካና የጾታ እኩልነት። ከሁለቱ አንዱ በሥራችሁ ውስጥ በእውነት ካለ፣ በቁጥር አሳዩት። ከ40ዎቹ ሠልጣኞች ግማሾቹ ሴቶች ከሆኑ እንደዚያው ጻፉ። «ሴቶችን ያማከለ ይሆናል» የሚል ባዶ ሐረግ ግን አንባቢው በየቀኑ የሚያየው ነው፤ ዓይኑ እንኳ አያርፍበትም።

6. በጀቱ ላይ ቁጭ በሉ

አብዛኛው ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው ብል አላጋንንም። ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ጣሪያ ለአገር አቀፍ ፕሮጀክት 26,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ጥቂት ጎረቤት አገሮች አብረው ለሚሠሩት 35,000፣ ለአንድ ሙሉ ክፍለ ዓለም ለሚሆነው 46,000። የሌሎች አገሮች ጉዳይ ሲገባበት የእነሱ ኮሚሽኖችም የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ አለባቸው። የእናንተን ዙር ጣሪያ በራሱ በጥሪው ላይ አረጋግጡ።

ገንዘቡ የሚውልበትም የታወቀ ነው። የባለሙያ አገልግሎት፣ ሥልጠናና አውደ ጥናት፣ የነጻ ትምህርት ዕድል፣ ህትመትና ትርጉም፣ መሣሪያ፣ የስብሰባ ተሳታፊዎች ጉዞ ይፈቀዳል። ተሽከርካሪ አይፈቀድም። የማኅበሩ ቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የመብራት ወጪም እዚህ ውስጥ አይገባም። ብዙ ማኅበር «አስተዳደራዊ ወጪ 15 በመቶ» ብሎ የሚጽፈው በሌላ ለጋሽ ልማድ ነው። እዚህ አጥፉት።

የምሳሌያችን በጀት እንዲህ ሊሆን ይችላል። የባለሙያዎች አበል 6,000፣ ሁለት አውደ ጥናት 7,500፣ የቪዲዮ ቀረጻና አርትዖት 5,200፣ ህትመትና ሥርጭት 4,300። ድምሩ 23,000 ዶላር። ሆን ብዬ ከጣሪያው በታች አድርጌዋለሁ። ልክ 26,000 የሚመጣ በጀት ከገበያ ዋጋ ተነስቶ ሳይሆን ከጣሪያው ወደ ታች ተቆጥሮ የተሠራ ይመስላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው።

ከጎኑ ደግሞ የእናንተን ድርሻ ጻፉ። አዳራሹን በነጻ የምትሰጡ ከሆነ፣ መምህራኑ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ከሆነ፣ ቁጠሩትና አስገቡት። አመልካቹ ራሱ የሚያዋጣው ሲኖር ሥራው ባለቤት እንዳለው ይታያል። ዋጋ ስታወጡም ከሦስት ሻጭ ፕሮፎርማ ሰብስባችሁ ፋይል ውስጥ አኑሩ። አሁን ማንም አይጠይቃችሁም። በኋላ ግን ይጠይቃችኋል።

7. ፎርሙን ሙሉ

ፎርሙ የሚሞላው በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ነው። ቀድማችሁ በምትጽፉበት ቋንቋ አርቅቁት፣ ከዚያ ሁለቱን ቋንቋ ከነሙያ ቃላቱ የሚያውቅ ሰው ይመልሰው። በማሽን ተርጉሞ መላክ ያስቀጣል፤ አንድ ጊዜ «የምልክት ቋንቋ» «የምልክት ሰሌዳ» ሆኖ አይቻለሁ።

ሲጠናቀቅ ለባለሙያው አሳዩ። ቀዩን እስክሪብቶ አትፍሩ። ከዚያ ወደ ዋና ጸሐፊው ለፊርማ ይሄዳል። ፎርሙን እናንተ ራሳችሁ ወደ ፓሪስ አትልኩም፤ ብትልኩም አይታይም።

8. የመጠበቂያ ወራት

ማመልከቻው ከሄደ በኋላ ወራት ያልፋሉ። ዋናው መሥሪያ ቤት በየዘርፉ ባሉ ባለሙያዎቹ ያስገመግማል፤ የመጨረሻው ውሳኔ በዋና ዳይሬክተሩ ስም ለኮሚሽኑ ይደርሳል። የተጠየቀው ገንዘብ ተቀንሶ ሊጸድቅም ይችላል። ስለዚህ ላም አለኝ በሰማይ ሆናችሁ አዳራሽ አትከራዩ፣ ሰው አትቅጠሩ። ይልቅ በጀቱ በሲሶ ቢቀነስ ምን እንደምትተዉ ከወዲሁ ወስኑ። በምሳሌያችን 300ው ቃል 200 ይሆናል፤ ሥልጠናው ግን አይነካም።

በየሁለት ወሩ አንድ አጭር፣ ትሑት ኢሜይል ለባለሙያው በቂ ነው። በየሳምንቱ መደወል ግን ነገር ማበላሸት ነው።

9. ገንዘቡ ሲመጣ፣ ደረሰኙ ሲቀመጥ

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። አንድ ደንብ አለ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ኮሚሽኑ ለምን ያን ያህል ጠንቃቃ እንደሆነ አይገባውም። ከዚህ በፊት ለተሰጠ ገንዘብ የሂሳብ ሪፖርት ካልቀረበ፣ አዲስ ገንዘብ አይለቀቅም። ተቀባዩ ደግሞ በደንቡ ዓይን አባል አገሩ ነው። ይህ ማለት አንድ ማኅበር ደረሰኙን ጥሎ ቢጠፋ፣ በሚቀጥለው ዙር የሚቸገረው እሱ ብቻ አይደለም። በኮሚሽኑ በኩል የሚያልፉ ሌሎች ሁሉ አብረው ይታገታሉ።

ባለሙያዋ ያቺን አንድ ገጽ ስታነብ ከሐሳቡ ውበት ባሻገር ሌላም ነገር እየፈለገች ነው። እነዚህ ሰዎች ሪፖርት ያመጣሉ ወይስ በስልክ ላሳድዳቸው ነው? እያለች ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ከሐሳባችሁ ጋር ያለፈ የኦዲት ሪፖርታችሁን ወይም ለሌላ ለጋሽ ያቀረባችሁትን ንጹሕ የሂሳብ መዝጊያ አያይዙ። ማንም ሳይጠይቃችሁ። ሰባተኛ ሊሆን የነበረ ፋይል በዚህ ሦስተኛ ሲሆን አይቻለሁ።

ገንዘቡ ሲገባ ለፕሮጀክቱ የተለየ የባንክ ሂሳብ ቢኖር ጥሩ ነው። ካልሆነ ቢያንስ የተለየ የሂሳብ መዝገብ (ሌጀር) ይኑር። ደረሰኝ በቀን፣ በተከፈለበት ጉዳይና በበጀት ርዕስ ለዩ። የሙቀት ወረቀት ላይ የታተመ ደረሰኝ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል፤ የተቀበላችሁ ዕለት ፎቶ አንሱት። ለአበል የተከፈለው ላይ የተቀባዩ ፊርማ ይኑር። ከአንዱ ርዕስ ወደ ሌላው ገንዘብ ማዛወር ካስፈለገ አስቀድማችሁ በኮሚሽኑ በኩል በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል «ችግር የለም» ቢባልም ወረቀት ያዙ። የተረፈ ገንዘብ ለዩኔስኮ ይመለሳል። «ለሚቀጥለው ሥራ» ብሎ ማስቀረት አይቻልም።

10. ሎጎውን አትንኩ

ፕሮጀክቱ ጸደቀ ማለት የዩኔስኮን ምልክት ባነር ላይ ማተም ተፈቀደ ማለት አይደለም። ስሙና ምልክቱ በጠቅላላ ጉባኤው በ2007 በጸደቀ መመሪያ ይጠበቃሉ። በአገር ውስጥ ለሚደረግ ሥራ ብሔራዊ ኮሚሽኑ የራሱን ስም ከዩኔስኮ ምልክት ጋር የያዘውን ጥምር ምልክት እንድትጠቀሙ ሊፈቅድላችሁ ይችላል። ፈቃዱ በጽሑፍ ነው፤ ለተወሰነ ሥራና ለተወሰነ ጊዜ ነው። ቲሸርት አሳትሞ መሸጥ፣ በማኅበሩ ቋሚ ደብዳቤ ራስጌ ላይ መለጠፍ አይቻልም። ንድፉን ከማተሚያ ቤት በፊት ለኮሚሽኑ ላኩ።

11. ሪፖርቱ

ሁለት ሰነድ ነው። አንዱ የሥራው ነው፤ ምን ታቀደ፣ ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ፣ ለምን ቀረ። የቀረውን አትደብቁ። ከ300ው ቃል 260 ላይ ከቆማችሁ፣ 40ዎቹ ላይ ባለሙያዎቹ ያልተስማሙበትን ምክንያት ጻፉ። ይህ ራሱ ለሚቀጥለው ተመራማሪ ዕውቀት ነው። ሁለተኛው የሂሳቡ ነው፤ በጀቱ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ይቀርባል፤ የእናንተ የሂሳብ ኃላፊ ይፈርምበታል፣ ኮሚሽኑም አይቶ ያረጋግጣል።

ከሁለቱ ጋር የሥራውን ውጤት ራሱን አስገቡ፤ ቪዲዮዎቹን፣ የታተመውን መጽሐፍ፣ የሠልጣኞችን የፊርማ ዝርዝር፣ ጥቂት ፎቶዎች። ፎቶ ላይ ሕፃናት ካሉ የወላጅ ፈቃድ ይኑር።

ሪፖርቱ ተቀባይነት ማግኘቱን የሚገልጸው ደብዳቤ ወደ ኮሚሽኑ ነው የሚመጣው፤ ለእናንተ በራሱ ላይደርስ ይችላል። ሄዳችሁ ቅጂውን ጠይቁ፤ ከቀድሞው የመዝገብ ቁጥር ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት። በሚቀጥለው ጎዶሎ ዓመት አዲሱን አንድ ገጽ ይዛችሁ ስትመጡ፣ ከሥሩ የምታያይዙት ይህንኑ ነው።